በወይዘሮ አበበች ዕጣ ሲያትል ደርሶ መልስ

ቡታጅራ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬአለሁ። የሰሜን አሜሪካን ካርታ ዓይኔን ጨፍኜ በጠመኔ እሥላለሁ። በግራ በኩል፣ ባሕሩ ወደ መሬቱ ገባ ገባ የሚልበት ጥግ ላይ፣ አንዲት ነጥብ አደርግና «ሲያትል» እላለሁ። «መምህር፣ ሄደው አይተውታል?» የሚል ተማሪ ከተነሣ መልሴ «ዝም ብለህ ጻፍ» ነበር። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ይገርማችኋል፣ እዚያች ነጥብ ውስጥ ገብቼ ወጣሁ። ከተመለስኩ ወዲህ በየደረስኩበት «እስቲ አጫውተን» እየተባልኩ ጉሮሮዬ ስለደረቀ፣ አንድ ጊዜ ጽፌው ልገላገል ብያለሁ። ስለ ፎቅ ለመስማት የጓጓ ካለ ከአሁኑ ይተወኝ። ፎቅ በቅጡ አላየሁም።

መጀመሪያ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝን ልመልስ፤ የአውሮፕላኑን ገንዘብ ከየት አመጣኸው? ታናሽ እህቴ ሰሚራ ሲያትል ውስጥ ሬኒየር ቫሊ በሚባል ሰፈር ጤፍ፣ በርበሬና ቅመም የምትሸጥበት ሱቅ አላት። እዚያ አገር ነጋዴ ዕቃ ሲያስመጣ የሚከፍለው በካርድ ነው። ባንኩ ደግሞ ካርዱን ለተጠቀመበት ሰው ምርቃት ይሰጣል፤ ፖይንት ይሉታል። ፖይንቱ ሲጠራቀም ወደ አየር መንገድ ይዛወርና ማይል ይሆናል። ማይሉ ደግሞ ወንበር ይሆናል። ሰሚራ ይህን በስልክ ስትነግረኝ «እንግዲህ በበርበሬ ልበር ነው?» ብዬ ሳቅሁባት።

«ጋሼ ሙት አትሳቅ» አለችኝ። «ሶ፣ አንዴ ትራንስፈር ካደረግነው መመለሻ የለውም። ማይል ከሆነ ማይል ሆኖ ነው የሚቀረው። ሐሳብህን እንዳትቀይር፣ ኦኬ?»

ሐሳቤን የምቀይርበት ጊዜም አልነበረኝም። ሁለት ጊዜ ከልክለውኝ በሦስተኛው የሰጡኝ ቪዛ የሦስት ወር ብቻ ነበር፤ ካልተጠቀምኩበት ይቃጠላል። ልጄ ሐያት ደግሞ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወር ያህል ቀርቷታል። «ሦስት ሳምንት ነው የምቆየው» አልኳት፤ «ጆሮው ላይ አዛን የማደርገው እኔ ነኝ፤ ማንም እንዳይቀድመኝ።» እሷም ቃሌን ተቀብላ ሸኘችኝ።

በጥቅምት መጨረሻ አንድ ማለዳ ከቡታጅራ በሚኒባስ ተነሣሁ። ሻንጣዬ ውስጥ ሰሚራ ያዘዘችው ቆጮ፣ የተነጠረ ቅቤና ሚጥሚጣ ነበር። አለምገና ስንደርስ ጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ «ወዴት ነው?» አለኝ። «ሲያትል» አልኩት። «እሱ በየት በኩል ነው? በወሊሶ?» አለኝ። ካርታ ልሥልለት ፈልጌ ወረቀት አጣሁ።

በአውሮፕላኑ የሆነውን ሁሉ አልዘረዝርም፤ የሰጡኝ ወንበር የመሀል በመሆኑ ግን ፍራንክፈርት እስክንደርስ አኩርፌ እንደነበር አልደብቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት ምድርን ስሥል ኖሬ፣ ምድር ከሥሬ ስታልፍ በሁለት ሰው ትከሻ መሀል መታሠር! ምግቡም ሲመጣ የአሳማ ይሆናል ብዬ ፈራሁና ዳቦና ፖም ብቻ በላሁ። ከፍራንክፈርት በኋላ ግን መስኮቱ ጋ የተቀመጠች ጀርመናዊት አሮጊት፣ አንገቴን እንደ ሰጎን ስመዝ አይታ በምልክት ቦታ ቀየረችኝ።

ከዚያ በኋላ ያየሁት እስከ ዛሬ ሕልም ይመስለኛል። ፀሐይዋ ከእኛ ጋር ትሄዳለች። ጠዋት ተነሥተን ስንበር ስንበር ያው ጠዋት ነው፤ ምሳ በላን፣ ጠዋት ነው፤ ተኝቼ ነቃሁ፣ አሁንም ጠዋት ነው። ከታች ግሪንላንድ ነጭ ሆና ተዘርግታለች። አንድ ጭስ የለባት፣ አንድ መንገድ የለባት። ስንቱን ልጅ «ነዋሪዋ ጥቂት ነው» ብዬ በቃሉ አስጠናሁት፤ ጥቂት ማለት ምን እንደሆነ ግን የገባኝ ያኔ ነው። እንባዬ መጣ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። አሮጊቷ ሶፍት ሰጠችኝ።

ሲያትል ስወርድ ሰሚራ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። የአሥራ አንድ ዓመት ልጇ ኢማን በአማርኛ «እንደምን ነህ» ብላ አጥንታው የመጣችውን አለችኝና የቀረውን በእንግሊዝኛ ጨረሰችው። ከኋላቸው ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው ደልደል ያሉ ሴት፣ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ትኩስ ድፎ ዳቦ ይዘው ቆመዋል።

«ወይዘሮ አበበች ናት፣ የሆሳዕና ሰው» አለች ሰሚራ። «ሱቄ የሚሸጠውን ዳቦ የምትጋግርልኝ እሷ ናት።»

«እንኳን ደኅና ገቡ መምህር» አሉኝ ሴትዮዋ። «ፍራንክፈርት ላይ አርባ ደቂቃ አዘገዩአችሁ አይደል? ተጨንቄ ነበር።»

ይህች ሴት ከየት አወቀች ብዬ ገረመኝ፤ ግን ዳቦው ሸተተኝና ረሳሁት። እውነቴን ነው፣ መኪና ውስጥ ግማሹን ጨረስኩት። እግረ መንገዴንም ስለ መሀል ወንበሩ በሰፊው አማረርኩ። ወይዘሮ አበበች ከኋላ ወንበር «አይ መምህር፣ እኔን! መስኮት ብዬ መያዝ ነበረብኝ» አሉ። ይህንንም ያኔ ልብ አላልኩትም።

ማደሪያዬ የኢማን ክፍል ሆነ፤ እሷ ከእናቷ ጋር ተዳበለች። ጣሪያው ላይ የተለጠፉ ትንንሽ ኮከቦች አሉ፤ መጋረጃው ሲዘጋ ያበራሉ። ሰውነቴ የቡታጅራን ሰዓት አልለቅም ስላለ ቀትር ላይ እንቅልፍ ይጥለኛል፤ ስነቃ ኮከብ አያለሁ፤ መጋረጃውን ስገልጥ ዝናብ። የዚያ አገር ዝናብ ደግሞ እንደኛ ደንፍቶ፣ ቆርቆሮውን ደብድቦ የሚሄድ አይደለም። ድምፅ የለውም፤ ሰውም ጃንጥላ አይዘረጋለትም። «ዘነበ እንዴ?» ስላቸው «የለም፣ ካፊያ ነው» ይሉኛል፤ ጃኬቴ ግን ሲጨመቅ ውኃ ያወርዳል።

በሦስተኛው ቀን ብቻዬን በባቡር መሀል ከተማ ሄጄ ባሕሩን አየሁ። ግራጫ ነው፣ ዝዋይን ጠዋት ጠዋት ይመስላል። ስመለስ ባቡሩ ውስጥ ሙቀቱ ሸነገለኝና ስነቃ አውሮፕላን ማረፊያ ነኝ! ሰዎች ሻንጣ እየጎተቱ ይወርዳሉ፤ እኔ በነጠላ ጫማ። አንድ ሶማሌ ባለታክሲ ግራ መጋባቴን አይቶ ሰሚራ ጋ ኮል አደረገልኝ፤ ሱቋ በር ድረስም አደረሰኝ። ልክፈል ብለው «ሐጂ፣ በዱዓ ያስቡኝ» ብሎኝ ሄደ። ኢማን ሰምታ ሆዷን ይዛ ሳቀችብኝ።

በአምስተኛው ቀን ሰሚራ ወደ ወይዘሮ አበበች ዳቦ ቤት ወሰደችን። ከአንድ የጎማ ሱቅ ጎን የተለጠፈች ጠባብ ክፍል ናት፤ የዱቄት ጆንያ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፣ ምድጃው አዲስ ነው። ሻይ ቀርቦልን ስናወራ ስልካቸው ጮኸ። መነጽራቸውን ፈልገው ስላጡ ለኢማን ሰጧት። ኢማን እያነበበች በተሰባበረ አማርኛ ለመተርጎም ሞከረች፤ ሲቃና እንዲህ ነው፤ «ውድ አበበች፣ ጉዞዎ ተመችቶዎት ነበር? ለበረራዎ ከአምስት ኮከብ ስንት ይሰጣሉ?»

«መምህርን ጠይቂያቸው» አሉ ወይዘሮ አበበች እየሳቁ። «የበረሩት እሳቸው ናቸው።»

«ለምንድን ነው የኔ በረራ እርስዎን የሚጠይቀው?» አልኩ።

ሰሚራ ኢማንን በዓይኗ ገሠጸቻት። ልጅ ግን ልጅ ነው፤ «ባት ኢት ዎዝ ሃር ተርን» አለች። እንግሊዝኛዬ የጡረተኛ ቢሆንም ይህን አላጣውም። ተራው የእሷ ነበር እኮ ማለቷ ነው።

ቀስ እያለ ወጣ። አምስት የሰፈሩ ነጋዴ ሴቶች ዕቁብ አላቸው፤ የሚሰበስቡት ግን ገንዘብ ሳይሆን ፖይንት ነው። ዕጣ የወጣላት ሴት ካርዷን ታወጣለች፤ ሁሉም የወሩን ዕቃ በእሷ ካርድ ይገዙና ዋጋውን በእጇ ይሰጧታል፤ ምርቃቱ ለእሷ ይቀራል። እንዲህ እየተባባሉ በየተራ አገር ቤት ይሄዳሉ ወይም ዘመድ ያስመጣሉ። እኔ የመጣሁበት ዕጣ የወጣው ለወይዘሮ አበበች ነበር። ዘጠኝ ዓመት ያላዩአቸውን እናታቸውን ሊያዩ ሆሳዕና ለመሄድ ተዘጋጅተው ነበር። ዕጣው በወጣ ዕለት ሰሚራ «የወንድሜ ቪዛ ሊቃጠል ነው» ብላ አለቀሰች። እሳቸውም «እናቴ ደኅና ናት፤ ወንድምሽን አምጪ፣ እኔ በሚቀጥለው እሄዳለሁ» ብለው ለቀቁላት። ባንኩ የአንዱን ፖይንት ወደ ሌላ ሰው ስም አያዛውርም። ስለዚህ ማይሉ የገባው በእሳቸው ስም ባለው የአየር መንገድ ሂሳብ ነው፤ ትኬቴም የተቆረጠው ከዚያው ነው። አየር መንገዱ መልእክት የሚልከውም ለእሳቸው ነው።

«ተነሡ ሲለኝ እኔም እነሣለሁ» አሉ ወይዘሮ አበበች፣ ዓይናቸው ወደ መስኮቱ ሄዶ። «ዱቄት እያቦካሁ ‘አሁን ፍራንክፈርት ደረሱ’ ይለኛል። ‘አበበች ሆይ፣ እንኳን በደኅና መጡ’ ሲለኝ፣ መምህር ይሙቱ፣ እጄ ሊጥ ውስጥ ሆኖ የሄድኩ መሰለኝ።»

ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ። ስለ መሀል ወንበር ያማረርኩት በፊታቸው ነው! ሰሚራን ቤት ስንገባ ተቆጣኋት፤ «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። «ብነግርህ ትመጣ ነበር?» አለችኝ። አልመጣም ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ሱቁ ገና ሲከፈት ወይዘሮ አበበች መጡ። ዳቦ አልያዙም። ሽርጣቸውን እንኳ አላወለቁም።

«እማዬ ወድቃለች» አሉ። «ዳሌዋ ነው። ከሁለት ቀን ጀምሮ ምግብ እምቢ ብላለች። ሐኪሙ ‘ልጆቿን ጥሩ’ አለ።»

ሰሚራ ኮምፒውተሯን ከፈተች። ለነገ ለከነገ ወዲያ ያለው ትኬት ዋጋው እሳት ነው፤ ወይዘሮ አበበች ደግሞ ምድጃውን ገና መቀየራቸው ነው። በለውጡ ለወይዘሮ አበበች የታሰበው የሚቀጥለው ዕጣ የሰሚራ ቢሆንም፣ ፖይንቱ የሚገባው የወሩ ሂሳብ ሲዘጋ ነው፤ ሦስት ሳምንት ይቀረዋል። ወይዘሮ አበበች የጤፍ ጆንያ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን አገላብጠው ያያሉ። አልለቀሱም፤ ቢያለቅሱ ይሻል ነበር።

«የኔ መመለሻስ?» አልኩ።

ሁለቱም ቀና ብለው አዩኝ።

«መመለሻዬ ገና አልተበረረበትም። ቢሰረዝ ማይሉ ወዴት ይገባል?»

«ወደ ወጣበት» አለች ሰሚራ ቀስ ብላ። «ወደ አበበች ሂሳብ። ፖይንት መሆን ነው እንጂ የማይችለው፣ ማይልነቱማ ይመለሳል። ትንሽ ቅጣት አለው። ግን ጋሼ፣ ሐያትስ?»

ሐያት ጋ ደወልን። ነገሩን ከሥሩ ነገርኳት። ቃል የገባሁላት አባቷ ነኝ፤ ደግሞም የመጀመሪያ ልጇ ነው፣ እናቷም በሕይወት የለችም። ልቤ እንደ ልጅ ፈራ።

«አባ» አለችኝ በመጨረሻ። «የኔ ልጅ ይጠብቅሃል። የእሷ እናት ላይጠብቁ ይችላሉ።»

ሰሚራ አየር መንገዱ ጋ ኮል አደረገች። ሙዚቃ ያሰሙናል፣ ይጠይቁናል፣ ደግሞ ሙዚቃ። ደንበኛ ሲገባ ኢማን በርበሬ እየመዘነች ትሸኛለች፤ ቅዳሜ ስለሆነ ትምህርት የላትም። ወይዘሮ አበበች ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ይጸልያሉ። እኔም በልቤ የማውቀውን እቀራለሁ። አንዱ ጆንያ ላይ እሳቸው፣ ሌላው ጆንያ ላይ እኔ። ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ በኋላ ሰሚራ «የስ፣ የስ» አለችና እጇን አፏ ላይ አደረገች። ማይሉ ተመልሷል፤ ለነገ ከሰዓት በኋላ አንድ ወንበር አለ።

«የት በኩል ነው?» አልኩ።

«መሀል» አለች።

ወይዘሮ አበበች ያን ጊዜ አለቀሱ፣ እያለቀሱም ሳቁ።

በማግስቱ ስንሸኛቸው አንድ ድልድይ ላይ ስንደርስ ሰሚራ ድንገት «ተራራው ወጥቷል!» ብላ ጮኸች። የሬኒየርን ተራራ ስንት ቀን ስጠብቀው ነበር። የኛ የቡታጅራው ተራራ ዘቢዳር ቢያኮርፍ ጉም ይለብሳል እንጂ አገር ጥሎ አይጠፋም፤ ይሄኛው ግን ጭራሽ እንደሌለ ይሆናል። ያን ቀን ነጭ ሆኖ፣ ሥሩ ሳይታይ፣ ሰማይ ላይ ተንሳፍፎ አየሁት። ወይዘሮ አበበች አላዩትም፤ ዓይናቸው ስልካቸው ላይ ነበር። መነጽራቸውን አድርገው «ውድ አበበች፣ በረራዎ በሰዓቱ ነው» የሚለውን ደጋግመው ያነባሉ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀኖች ተደበላልቀውብኛል። ዝናብ፣ ኮከብ፣ ባቡር፤ ባቡር ውስጥ ግን ሁለተኛ አልተኛሁም። ጠዋት ጠዋት ከቤተ ክርስቲያናቸው ከመጣች ሴት ጋር ሆኜ የወይዘሮ አበበችን ዳቦ ቤት እከፍታለሁ፤ ሥራዬ ዳቦ በወረቀት ከረጢት መክተት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ጠመኔ የያዘ እጅ ዱቄቱን ወደደው።

ከስድስት ቀን በኋላ፣ ሱቅ ውስጥ ሳለን የሐያት ባል ደወለ። ወንድ ልጅ! ሰሚራ በሩን ዘግታ «ክፍት» የሚለውን ምልክት ገለበጠችው። ስልኩን ሕፃኑ ጆሮ ላይ አድርገው «ይበሉ» አሉኝ። በጤፍና በበርበሬ ጆንያ መሀል ቆሜ፣ ቀኝ እጄን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አዛን አደረግሁ። ከማዶ የሕፃን ልቅሶ ይሰማኛል፤ ከዚያ ዝም አለ። በመስታወቱ በር ውጭ አንድ ደንበኛ ዝናብ እየመታው፣ ኮፍያውን አውልቆ ይጠብቃል። ጨርሼ ዞር ስል ሰሚራና ኢማን ተቃቅፈው ያለቅሳሉ። ሕፃኑን ማቀፍ የምፈልገውን ያህል ስልኩን አቀፍኩት።

በኅዳር መጨረሻ የሰሚራ ዕጣ ገባ፤ ትራንስፈር አደረገችው፤ ወንበሬ የመስኮት ሆነ። ኢማን ከጣሪያዋ አንድ ኮከብ ነቅላ ኪሴ ከተተችልኝ። «ለቤቢው» አለች በአማርኛ፣ በራሷ። ሰማይ ላይ ሳለሁ ሰሚራ ስልኳን እያየች «አሁን ተነሣ፣ አሁን ደረሰ» ስትል ይታየኝ ነበር፤ ስለዚህ ብቻዬን የሄድኩ አልመሰለኝም።

ቡታጅራ ደርሼ የልጅ ልጄን ታቀፍኩት። ሐያት ስታጫውተኝ ወይዘሮ አበበች ወደ ሆሳዕና ሲያልፉ፣ ሚኒባሱን አስቁመው ለደቂቃ ገብተው እንደነበር ነገረችኝ። «‘የአባትሽን ወንበር የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ ይቅር በይኝ’ ብላ ሆዴን ሳመችው» አለች። ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እናትየው ባለፈው ሳምንት ማረፋቸውን ነገረችኝ።

በማግስቱ ሻንጣዬን ሳልፈታ ለለቅሶ ሆሳዕና ወረድኩ። ካርታ ላይ ከሲያትል ጋር ሲተያይ የጥፍር ያህል መንገድ ነው፤ ለእኔ ግን የጉዞዬ መጨረሻ እሱ ነበር። ግቢው ውስጥ ድንኳኑ ተነሥቷል፤ አግዳሚ ወንበሮች ብቻ ቀርተዋል። ወይዘሮ አበበች ጥቁር ለብሰው ወጡ። «አላህ ያጽናዎት» አልኳቸው።

እጄን ይዘው አስቀመጡኝ።

«አሥራ ሰባት ቀን አብሬያት ነበርኩ፣ መምህር» አሉ። «በገባሁ ዕለት ዓይኗን አልገለጠችም። በማግስቱ ገልጣ አየችኝ። ‘መጣሽ?’ አለችኝ። ‘በምን መጣሽ?’ አለችኝ። ‘በሰው ተራ’ አልኳት።»

ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

«እሷም ‘ሰውየውስ በምን ይመጣል?’ አለችኝ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ የምትጠይቀኝ እሱን ነበር። ‘ይመጣል እማዬ፣ ይመጣል’ እላት ነበር።»

ቀና ብለው አዩኝ።

«ይኸው መጡ።»